ድብ ባሕር ሲወርዱ የሚድኑ ጣቶች

ደባርቅ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለያርጋል ልጅ፣ ለየትናየት፤

ክረምቱን በሰላም ያሻግርሽ፤ ባለሽበት አገር ጠባቂ መልአክሽ ከአጠገብሽ አይራቅ። እኔ አጎትሽም፣ ያሳደገችሽ ባለቤቴ ፍቅርአዲስም ደህና ነን፤ ስሙ የተመሰገነ ይሁን። ኢንተርኔቱ ከጠፋ ከራርሟል፤ ስልኩም ሲፈልግ ነው የሚሠራው። ስለዚህ እንደ ጥንቱ በወረቀት እንጨዋወት ብዬ ነው። ደብዳቤውን ጎንደር ፖስታ ቤት የሚያደርስልኝ ሹፌሩ ይግዛው ነው። ከዘገየብሽ እሱን ውቀሽው፤ መንገዱማ ወቀሳ አይሰማም።

ነገሬ አጭር ነው። ጉሙ ኪቦርዴን በላው። ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ያለችውን የጽሕፈት ቤቴን መቼም አትረሽያትም፤ ጠዋት በሩን ስከፍት ጉሙ ከባለጉዳዩ ቀድሞ ይገባል። የላፕቶፑ የራሱ ቁልፎች ከሞቱ ቆይተዋል። ከውጭ የምሰካው ኪቦርድም ማታ በላስቲክ ሸፍኜው ባድር ጠዋት አንዱ ቁልፍ ሲነካ ሁለት ይጽፋል፤ ሌላው ጭራሽ ዝም ይላል። ባለፈው ሳምንት ከመካነ ብርሃን በእግሩ የመጣ ሰው አቤቱታውን ሳልጨርስለት መሽቶበት አደረ። አፈርሁ። ባለጉዳይ ከእኔ ቤት ሳይጻፍለት ወጥቶ አያውቅም ነበር።

አንቺ እዚያ የምትሠሪው ይህንኑ የኪቦርድ ቁልፍ ነው ብለሽኝ ነበር። ሰው ያን ያህል ተምሮ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ቁልፍ ሲሠራ ብቻ ይውላል? ለሰው ስናገር ማን ይመነኝ! ለማንኛውም እርጥበት የማይገባው ካለሽ ላኪልኝ። ከሌለሽ ደግሞ ሥሪ።

መቼ ነው የምትመጭው? የምትጠይቀው ፍቅርአዲስ ናት፤ እኔ አልጠየቅሁም።

አጎትሽ ማንያዘዋል
ይህንንም የጻፍሁት ከወረዳ በተዋስሁት ኪቦርድ ነው።


ታይፔ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ ለጋሼ ማንያዘዋል፤

እንደምን ከረሙ? እትዬ ፍቅርአዲስስ? አዲሱ ዓመት የጤናና የእህል ዓመት ይሁንላችሁ። ደብዳቤዎ እጄ የገባው መስከረም ካለቀ በኋላ ነው። ሳነበው የጽሕፈት ቤቱ በር ሲከፈት የሚያሰማው ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ፤ ደስም አለኝ፣ ከፋኝም።

ስቀውብኛል፤ ግን ሥራዬ በእርግጥ ቁልፍ ነው። ልንገርዎት። በእያንዳንዱ ፊደል ሥር ትንሽ የጎማ ቆብ አለች። ሲጫኗት ትጎደጉድና ከታች ያሉ ሁለት ቀጫጭን ብረቶች ይነካካሉ፤ ያኔ ፊደሉ ይጻፋል። የተለመደው ኪቦርድ ላይ ከቆቧ ሥር አየር የሚወጣባት የሚገባባት ቀዳዳ አለች። ጉሙም የሚገባው በዚያችው ነው፤ ብረቱን ያዝገዋል። እኔ ያችን ቀዳዳ ደፈንኳት። እያንዳንዱ ቁልፍ ለብቻው የታሸገ ነው። በእንፋሎት ሣጥን ውስጥ ከርሞ አንድም ጠብታ አልገባበትም።

አለቃዬ ግን ሣጥን አያሳምነውም፤ ከእውነተኛ ጉም አገር ወሬ አምጪ አለኝ። «ጉም አገርማ አለኝ» አልኩት። ገና ለገበያ ካልወጡት አንዱን በሰው እጅ ልኬልዎታለሁ። እባክዎ ሞክረው ያለውን ሁሉ ይጻፉልኝ። ቁልፎቹ በብዛት የሚወጡበት የአረብ ብረት ቅርጽ አንድ ጊዜ ከተቆረጠ በኋላ ማስተካከል አይቻልም፤ የሚቆረጠው ደግሞ በሰኔ ነው።

ስለመምጣቴ በሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።

ልጅዎ የትናየት


ደባርቅ፣ ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለየትናየት፤

እጅሽ ይባረክ፤ የደከምሽበትን ሁሉ ፈጣሪ በበረከት ይክፈልሽ። ኪቦርዱ በደህና ደርሶኛል። እንዴት ያምራል! ፍቅርአዲስ ከጥልፍ ጨርቋ ቆርጣ ልብስ ሰፍታለታለች። እንኳን ሌላ ሰው ሊነካው፣ ጎረቤቴ ፎቶ ኮፒ የምትሠራዋ ወይዘሮ ስጦታ እንኳ አላየችውም፤ የሰው ዓይን ክፉ ነው።

ጉሙ እንደ ልማዱ ይገባል፤ ኪቦርዱ ግን ግድም የለው። አንድም ፊደል አልተደገመ፣ አንድም አልሞተ። ለአለቃሽ «አጎቴ ምንም እንከን አላገኘበትም» በይው። በብዕር የጻፍሁልሽ ለአዲሱ ዕቃ ሳስቼለት ነው።

አንድ ሌላ ነገር ልጠይቅሽ። አንድ ወዳጅ አለኝ፣ በእኔ ዕድሜ ያለ። ሥራው በጣት ነው። ሰሞኑን ጣቶቹ አልታዘዝ አሉት። ያማል አይልም፤ እብጠትም የለው። ዝም ብለው ኃይል አጡ። እንጨት ይፈልጣል፣ ውኃ ይቀዳል፤ ወደ ሥራው ሲመጣ ግን ጣቱ ይከዳዋል። ይህ ምን ይባላል? እዚያ አገር የሚቀባ ነገር ቢኖር ላኪለት። ስሙን እንዳትጠይቂኝ፤ ኩሩ ሰው ነው።

አጎትሽ ማንያዘዋል


ታይፔ፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ፤

እንኳን ለብርሃነ ልደቱና ለጥምቀቱ አደረሳችሁ። ዓመት ዓመት ያድርሳችሁ።

ደብዳቤዎን ስጨርስ ከወንበሬ ተነሥቼ ጨፈርኩ፤ የቢሮ ጓደኞቼ ምን ነካት ብለው ያዩኛል። «ምንም እንከን አላገኘበትም» ያሉትን ቃል በቃል ተርጉሜ ለአለቃዬ አነበብኩለት። «አጎትሽ ምንድን ነው?» አለኝ። «የሰው እውነት ጸሐፊ ነው» አልኩት። በዚያው ቅርጹ በሰኔ እንዲቆረጥ ተወሰነ። የስንት ዓመት ድካሜ ነው ጋሼ! ደባርቅ ባይኖር አይሳካልኝም ነበር።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረችኝ፦ ቁልፎቹ ሲጫኗቸው ይለሰልሳሉ?

ለወዳጅዎ ቅባቱንና የሱፍ ጓንት ልኬያለሁ። የብርዱ ነገር ይሆናል፤ በዕድሜ መገጣጠሚያ ይደርቃል። ጠዋት ጠዋት እጁን ለብ ባለ ውኃ ይንከር በሉልኝ።

ልጅዎ የትናየት


ደባርቅ፣ መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለየትናየት፤

ጾሙን በሰላም አስፈጽሞ ለትንሣኤው ያብቃሽ። ቅባቱ ደረሰ፣ ወዳጄም ተቀባ። ሽታው ደግ ነው፤ ሌላ ያየንበት ነገር የለም። ስለ ቁልፎቹ ጠይቀሽኛል፤ ቁልፉማ ምን ይሆናል ብለሽ ነው።

ይልቅ ግራ የገባኝን ልንገርሽ። ይህ ወዳጄ በየካቲት ሽማግሌዎች የዕርቅ ውል ጻፍልን ብለውት ሊማሊሞን ወርዶ ድብ ባሕር ሄደ። መሥሪያውን ይዟል። ከሥራው በፊት ከከተማው በታች ካለው የኪዳነ ምሕረት ጠበል ገብቶ ጣቶቹን አስነካ፤ ከዳንሁ ለቤተ ክርስቲያኗ ጥላ አስገባለሁ ብሎም ተሳለ። ከዚያ ተቀምጦ መጻፍ ሲጀምር፣ የትናየት፣ ጣቶቹ እንደ ወጣትነቱ ሮጡ! ሽማግሌዎቹ ተናግረው ሳይጨርሱ እሱ ጽፎ ጨረሰ። አለቀሰ አሉ።

ደባርቅ ተመልሶ በማግስቱ ለሥራ ሲቀመጥ ግን እንደገና እንደ በፊቱ። መዳፉን እያየ ዋለ። እምነቴ ጎደለ ይሆን ብሎ ደግሞ ወረደ፤ ደግሞ ዳነ። ወጣ፤ ተመለሰበት። ካህኑን ብንጠይቃቸው «ልጄ፣ እዚያው ብትቀመጥ ምን አለበት?» አሉን። ብዕር ሲይዝ ደግሞ በሁለቱም አገር ደህና ነው። ይህን የሚያውቅ ሐኪም አለ?

ፍቅርአዲስ መቼ ትመጣለች እያለች ነው።

አጎትሽ ማንያዘዋል


ታይፔ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ፤

እንኳን ለትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ።

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት፤ ባነበብኩት ቁጥር ይበልጥ ተምታታብኝ። አንድ ሐኪም አማከርኩ፤ «ጣት አገር አይመርጥም» ብሎ ሳቀብኝ። እኔ ግን አልሳቅሁም።

ጋሼ፣ አይቆጡኝ። ደባርቅ ውስጥ ውል የሚጽፍ፣ ሽማግሌ ድብ ባሕር ድረስ የሚጠራው፣ መሥሪያውን ይዞ የሚዞር፣ በእርስዎ ዕድሜ ያለ ሌላ ሰው ማን ነው? ደግሞስ እርስዎ ደብዳቤ በእጅዎ ሲጽፉ መቼ አይቼ ነው? ኮሌጅ ሳለሁ እንኳ «ምሳሽን በልተሻል?» የሚለውን በታይፕ ጽፈው ማኅተም መትተው ነበር የሚልኩልኝ። ኪቦርዱ ከደረሰዎት ጀምሮ ግን ሁሉም በብዕር ነው።

ወዳጅዎ እርስዎ ነዎት? ከሆኑስ ምነው ደበቁኝ? እኔ ለእርስዎ ምንድን ነኝ? የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ። ተጨንቄያለሁ።

ልጅዎ የትናየት


ደባርቅ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለየትናየት፤

መልስሽ ገና አልደረሰኝም፤ እኔ ግን ነገሬን ሳልነግርሽ ሌላው እንዳይነግርሽ ብዬ ጻፍሁ። ያ ወዳጄ ያልሁሽ እኔው ነኝ።

የላክሽልኝን ኪቦርድ ከተቀበልሁ ጊዜ ጀምሮ ነው የጀመረኝ። አዲስ ዕቃ፣ እንደዚያ ያማረ፣ እኔ ደግሞ ፊደል ወደ ታች መጫን አቃተኝ! በአውራ ጣቴ በግድ ካልሆነ አይወርድልኝም። ልጅቱ ይህን ያህል ለፍታ ሠርታ ልካልኝ «ጣቴ ሞተ፣ ልጠቀምበት አልቻልሁም» ብዬ እንዴት ልጻፍ? ወረዳ ሄጄ በሌላ ኪቦርድ ልሞክር አልሁና ሰው ፊት እንዳልዋረድ ተውሁት። አንዳንዴ ደግሞ የሰው እርግማን ይሆን እላለሁ። በዳኝነት የተረታ ሰው ዳኛውን ይፈራል፤ የሚረግመው ጸሐፊውን ነው።

ፍርድ ቤቱ በእጅ የተጻፈ አቤቱታ አይቀበልም። ባለጉዳይ እየመጣ ነገ ና እያልሁ መመለስ ሰለቸኝ። ስለዚህ ቆረጥሁ። የጽሕፈት ቤቱን ለወይዘሮ ስጦታ ለቅቄላት፣ ሰኔ ሚካኤልን አክብሬ ድብ ባሕር እወርዳለሁ። እዚያ ጣቴ ይታዘዘኛል፤ ሥራም አላጣም። ፍቅርአዲስ ግን ቆላ አልወርድም አለች። ወባውን ትፈራለች፤ የልጃችንንም መቃብር ትታ መሄድ አይሆንላትም። እስከ ዛሬ ተለያይተን አናውቅም። «አንተ ውረድ፣ እኔ በር እጠብቃለሁ» አለችኝ፤ ከዚያ ወዲህ በቤታችን ብዙ አይወራም።

ለአለቃሽ የሰጠሁት ቃል እውነት ነው፤ ኪቦርዱ እንከን የለበትም። እንከኑ የእኔ ነው።

አጎትሽ ማንያዘዋል


ታይፔ፣ ግንቦት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ፤

ሰላምታውንም ምርቃቱንም ኋላ አደርሳለሁ፤ ዛሬ አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገርዎት። ጣቶችዎ ደህና ናቸው። ምንም አልሆኑም። የታመመው የእኔ ቁልፍ ነው።

ከገበያ የታሸገ የድንች ጥብስ ከአዲስ አበባ ደባርቅ ሲደርስ ላስቲኩ ተነፍቶ፣ ተወጥሮ አይተው የለ? ልጅ ሆኜ «ብዙ ያለበትን ስጡኝ» እያልኩ ባለሱቁን አስቸግር ነበር፤ ሲከፈት ግን ንፋስ ነው። የታሸገበት ቦታ አየሩ ከባድ ነው፤ ደባርቅ ላይ ያለው አየር ቀላል ነው። ስለዚህ ውስጡ የታፈነው አየር ላስቲኩን ወደ ውጭ ይገፋዋል። የእኔም ቁልፎች እንደዚያው ናቸው። ከባሕሩ ዳር፣ እዚህ ታይፔ ነው ያሸግኳቸው። ደባርቅ ሲወጡ እያንዳንዷ የጎማ ቆብ ተነፋች፤ እርስዎ ወደ ታች ሲጫኑ እሷ ወደ ላይ ትገፋዎታለች። ድብ ባሕር ሲወርዱ አየሩ ይከብዳል፣ ቆቧም ተንፍሳ ትለሰልሳለች። ሲወጡ ተመልሳ ትነፋለች። እርስዎ ዳንኩ፣ ታመምኩ ያሉት ይህንን ነው።

ደብዳቤዎ እንደደረሰኝ አንድ ኪቦርድ አየር በሚመጥ ሣጥን ውስጥ ከተትኩና አየሩን ደባርቅን እስኪመስል አሳሳሁት። ቆቦቹ በመስታወቱ ውስጥ ተራ በተራ ቀና ሲሉ ዓይኔ እያየ ነው። በሣጥኑ ጓንት በኩል እጄን አስገብቼ «ሀ»ን ተጫንኳት። የእኔም ጣት አቃተው። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። የስንቱን አገር ሙቀትና እርጥበት ስቆጥር ተወልጄ ያደግኩበት አገር ከፍ ያለ መሆኑን ረሳሁ። ሰው ይህን ይረሳል? እርስዎ የእኔን ጥፋት በራስዎ ጣት ላይ ጭነው ይህን ሁሉ ወር ከረሙ። ይቅር ይበሉኝ።

ለአለቃዬ ነግሬ ቅርጹ እንዳይቆረጥ አስቁሜያለሁ። ተቆጥቷል፤ ይቆጣ። አሁን አየር አሳልፎ ውኃ የሚከለክል ስስ ሽፋን የሚለጠፍባት ቀዳዳ ላበጅላቸው ነው። ሥራው እንደ አዲስ ይጀመራል።

እርስዎ ግን አይጠብቁ። ኪቦርዱን ይገልብጡት፤ ከጀርባው በእያንዳንዱ ቁልፍ ትይዩ ስስ ጎማ አለ። በመርፌ ይውጉት። የታፈነው አየር እስ ብሎ ይወጣል፣ ቁልፉም ይለሰልሳል። ከዚያ በኋላ እርጥበት መቋቋሙ ይቀራል፤ ይቅር። አይውረዱ፤ እትዬ ፍቅርአዲስን ብቻዋን አይተዉብኝ። ይህ ደብዳቤ ከሰኔ ሚካኤል በፊት እንዲደርስልኝ ነገ አዲስ አበባ ለሚበር ሰው እሰጠዋለሁ።

ልጅዎ የትናየት


ደባርቅ፣ ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለየትናየት፤

ያንቺን እንባ የደስታ ያድርግልሽ። ይህ ደብዳቤ በታይፕ መጻፉን መቼም ሳልነግርሽ አይተሻል። ከወረዳ በተዋስሁት ኪቦርድ ነው፤ ጣቶቼም እንደምታያቸው ናቸው፤ አንድ ፊደል አልሳቱም።

ደብዳቤሽን ይግዛው ያመጣልኝ ሚካኤልን ባከበርን ማግስት ነው። አልጋዬና ሣጥኔ መኪናው ላይ ተጭነው፣ ፍቅርአዲስ የመንገድ ስንቅ በሶ እየቋጠረች ነበር። ቆሜ አነበብሁት። መጀመሪያ አልገባኝም፤ የድንች ጥብሱ ጋ ስደርስ ገባኝ። ኪቦርዱን ከነጥልፍ ልብሱ አወጣሁና ወይዘሮ ስጦታን ጠራኋት።

«እስቲ አንዱን ፊደል ተጫኝው።»

ተጫነችው። «ኧረ ጋሼ፣ ይህ ድንጋይ ነው እንዴ?» አለች።

ይግዛውን ጠራሁት፤ ያን ሁሉ ዘመን መሪ ሲያዞር የኖረ እጅ ነው። አውራ ጣቱን ጥሎበት ፊቱ እስኪቀላ ገፋው። «ይህን ነው በጣትህ ስትታገል የከረምኸው?» ብሎ ሲስቅ እኔም ሳቅሁ። ፍቅርአዲስ በሶውን ጣለችና እልል አለች፤ ከዚያ መሬት ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኔም ዓይኔ አልቻለም፤ ምን እደብቅሻለሁ። ይግዛው ዕቃዬን ሲጭን የጠየቀኝን ገንዘብ ለማውረድም ጠየቀኝ።

አንድ ነገር ግን እስካሁን አልለየልኝም። ጥላ ተስዬ ነበር። ጣቴ ካልታመመ ጠበሉ ያዳነው ምኑን ነው? ካህኑን ጠየቅኋቸው። «ታምሜያለሁ ብለህ አልነበረም?» አሉኝ። ነበር አልኋቸው። «አሁንስ?» አሁንማ ደህና ነኝ አልሁ። «እንግዲያ ጥላውን አምጣ» አሉኝ። ጥላው ለኪዳነ ምሕረት ይገባል፤ ፍቅርአዲስ ዘርፉን እየጠለፈች ነው።

ስለ ኪቦርዱ ያዘዝሽኝን ግን አላደረግሁም። መርፌ አመጣሁ፤ ገለበጥሁት፤ ያልሽውንም ስስ ጎማ አገኘሁት። አንቺ ይህን ሁሉ ዓመት ተቀምጠሽ የደፈንሽውን እኔ ልበሳው? እጄ እንቢ አለ፤ በዚህ ጊዜ ደግሞ እውነቱን ነው። ልብሱን መልሼ አልብሼ ከመደርደሪያው ላይ አኖርሁት። መርፌውም ከጎኑ ተሰክቷል።

እስከ ዛሬ መቼ ትመጭያለሽ እያለች የምትጠይቅሽ ፍቅርአዲስ ናት ብዬሽ ነበር። ዛሬ የምጠይቅሽ እኔ ነኝ። ነይና አንቺው ውጊው።

አጎትሽ ማንያዘዋል